የፎቲስ ጨጓራ

በፎቲስ የአርባ ቀን ተዝካር ላይ ሚስቱ ስታማቲያ ከንፍሮው አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ሄዳ አስመለሳት። ሴቶቹ ሐዘን ነው አሉ። እሷ ግን ፎቲስ ተቆጥቶብኝ ነው አለች በልቧ።

የሚቆጣበት ምክንያት ነበረው። ካንሰር እንደያዘው የተነገረው ለእሱ ሳይሆን ለእሷ ነው። እዚህ ግሪክ አገር፣ ቤርያ ከተማ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ሐኪሙ ለቤተሰብ ይናገራል፤ ቤተሰብም ዋጥ ያደርገዋል። ስታማቲያ ከተሰሎንቄው ሆስፒታል እንደተመለሰች ልጇን ኤቫንቲያን፣ መድኃኒት ሻጩን ፕሮድሮሞስን፣ ቄሱን ሳይቀር አስጠነቀቀች። ፎቲስን የያዘው ጨጓራ ነው፣ ሌላ ነገር የሚተነፍስ ሰው ቢኖር ወዮለት! ከተማው በሙሉ አፉን ዘጋ። በዚህ በኩል አንታማም።

በየሳምንቱ ተሰሎንቄ ድረስ እየወሰደች የምታሰቅልለትን መድኃኒት ቫይታሚን ነው አለችው። መድኃኒቱ ሆዱን ይገለብጠው ስለነበር፣ ትውከቱን የምትከላከል ክኒን አስቀድማ መስጠት ነበረባት። ምላስ ላይ ተደርጋ የምትሟሟ፣ ውሃ የማትፈልግ፣ እንጆሪ እንጆሪ የምትል ትንሽ ነጭ ክኒን ናት። ስታማቲያ ከማሸጊያው እያወጣች የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ትጨምራታለች። ፎቲስም እየመጠጠ፣ "በጥር እንጆሪ! ንጉሥ ሆንኩ እኮ!" ይላል።

የትኩስ ሾርባ ሽታ ስለሚያቅለሸልሸው አቀዝቅዛ ታቀርብለታለች። ሽቶዋን ጣለች። ሲብስበት የሎሚ ልጣጭ ታሸተዋለች።

"ዛሬስ እንዴት ነህ?" ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ጉልበቷን ቸብ ቸብ ያደርግና በመስኮቱ ወደ ኮክ ዛፎቹ ዞሮ፣ "ይቺ ጨጓራ ለፋሲካ ትለቀኛለች። አንቺ ብቻ ሎሚውን ላጪልኝ" ይላታል።

በዚያው ጥር፣ በረዶ ደጅ ላይ ተከምሮ፣ ሞቀኝ ብሎ ጸጉሩን ተላጨ። ስታማቲያ እፎይ አለች፤ መርገፍ ሲጀምር ምን ብላ እንደምትዋሽ ጨንቋት ነበር። ከዚያ ደግሞ እጇን አስነክቷት የማያውቀውን የቤቱን ማሞቂያ እንዴት እንደሚለኮስ አሳያት። "እኔ ሰንፌያለሁ፣ ከእንግዲህ አንቺ ነሽ" እያለ ሳቀባት።

ፋሲካ ሳይደርስ ሞተ። አንድም የስንብት ቃል አልተናገረም፤ እንደሚሞት ያልተነገረው ሰው እንዴት ብሎ ይሰናበታል? ስታማቲያን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነበር። ባሌን አታልዬ ሸኘሁት ትላለች። ወይስ ያውቅ ነበር? ይህቺን ብቻ ቢነግራት ሌላ አትጠይቀውም ነበር።

ቤቱ ግን ዝም አላለም። ለምሳ ስትቀመጥ ከመታጠቢያ ቤቱ ሲያስመልሰው ትሰማዋለች። ሮጣ ስትገባ ሳፋው ደረቅ ነው። ያኔ የሆስፒታሉ ሳሙና ይሸታታል፣ እሷንም ያስመልሳታል። አፏን ጠርጋ፣ "ይቅር በለኝ፣ ለአንተው ብዬ ነው እኮ" ትላለች ሳፋውን ይዛ። ፈራች፤ ደግሞም ባይመጣስ ብላ ፈራች።

በመጨረሻ ለፕሮድሮሞስ ነገረችው።

"እትዬ ስታማቲያ፣ ሙት ሾርባ አይበላ፣ ምኑን ነው የሚያስመልሰው?" አላት እየሳቀ። "ሽታው ነው። ስንት አስታማሚ አይቻለሁ፤ በሽተኛው ካለፈ በኋላ እንኳ የሆስፒታሉ ደጃፍ ሲደርስ የሚያስመልሰው። ሰውነት አይረሳም።"

"ቀሚሴስ ለምን ሰፋኝ?"

"ስለማትበዪ ነዋ! ጋሽ ፎቲስ ቢያይሽ ምን ይላል?"

"እያየኝማ ነው" አለች።

ኤቫንቲያ ይህን ስትሰማ እናቷን ይዛ ተሰሎንቄ ሄደች። ስታማቲያ ደም ሰጠች፣ ማሽን ውስጥ ገባች፣ ወጣች። ኤቫንቲያ፣ "አንቺ መኪናው ጋ ጠብቂኝ፣ ካርድ ክፍል ጉዳይ ጨርሼ ልምጣ" ብላ ወደ ኋላ ቀረች። ስትመለስ ሰማዩ ደመና ሆኖ ሳለ የፀሐይ መነጽሯን አድርጋለች።

"የደም ማነስ ነው፣ እማዬ። የብረት መድኃኒት ይሰቅሉልሻል፣ አለቀ።"

"ብረት አባትሽን ያባርረዋል?"

"እማዬ፣ ተይ በናትሽ!"

ከዚያ ወዲህ ፕሮድሮሞስ ስለ ሙታን መቀለዱን ተወ። ስታማቲያ ስትመጣ ከባንኮኒው ወጥቶ ዘንቢሏን ተሸክሞ እስከ በር ይሸኛታል። እሷም ይህንን የፎቲስ ሥራ ነው ብላ ቆጠረችው። አሁንማ ፕሮድሮሞስም ሙቱን ፈርቷል አለች።

ብረቱን የምትወስድበት ቀን ደረሰ። ጠዋት ማሞቂያውን ለኩሳ ወጣች። ኤቫንቲያ መኪናውን አስነስታ የኮክ እርሻዎቹ መሀል ሲደርሱ ከኪሷ አንዲት ክኒን አውጥታ አቀበለቻት።

"ምላስሽ ላይ አድርጊያት።"

"ለምኑ ነው?"

"ለብረቱ ነው። እንዳያዞርሽ።"

"ውሃ የለም እኮ።"

"አያስፈልግም፣ እማዬ።"

ስታማቲያ አፏ ውስጥ አደረገቻት። ክኒኗ ወዲያው ሟሟች። አፏን እንጆሪ እንጆሪ አላት።

ኤቫንቲያ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ "ደህና ነሽ?" አለቻት።

ስታማቲያ የልጇን ጉልበት ቸብ ቸብ አደረገችና በመስኮቱ ወደ ኮክ ዛፎቹ ዞረች።

"ይቺ ጨጓራ ለፋሲካ ትለቀኛለች" አለች። "አንቺ ብቻ ሎሚውን ላጪልኝ።"