ከካትራሙ ሥር

ጫኝ መኪናው አሮጌዋን መኪና የመኪና እጥበቱ ግቢ ውስጥ ሲያራግፋት ገና ማለዳ ነበር። የድሮ ዘመን መኪና ናት፤ አፍንጫዋ ተጨፍልቋል፣ ሆዷ በካትራምና በደረቀ ጭቃ ተለስኗል። ባለቤቷ ከኋላ በእግራቸው ገቡ። ስልሳ የተጠጉ፣ ጥቁር የለበሱ ሴት ናቸው፤ ቁልፉን ጨብጠው ይዘውታል።

«ባለቤቴ የሞተው በዚህች ነው» አሉት አጣቢውን። «ከጋራዥ በወጣች ማግስት ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። አሥራ ሁለት ዓመት ሸራ ለብሳ ቆመች። አሁን ብረቷን ማየት እፈልጋለሁ።»

አጣቢው ሥራውን ይወዳል። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሠራው፣ እንደ ሩዝ የደቀቀው ደረቅ በረዶ በአየር ግፊት እየተወነጨፈ ብረት ላይ ሲያርፍ፣ የሠላሳ ዓመት ቅባት እንደ ቅርፊት ተልጦ ይረግፋል። በረዶው ራሱ አንዲት ጠብታ ውኃ ሳይተው ጋዝ ሆኖ ይጠፋል። ደንበኞች «እጁን ሳያረጥብ የሚያጥብ» እያሉ ይቀልዱበታል።

ሴትየዋ አልቀለዱም። በረዶው ብረቱን ይፍቀው እንደሆነ ጠየቁ። አሸዋ ቢሆን ይፍቅ ነበር፣ ይኼ ግን የሚያነሳው ቆሻሻውን ብቻ ነው፤ ብረቱ ላይ የነበረ ጭረት ሁሉ እንደነበረ ይቀራል አላቸው። ፊታቸው ልውጥ አለ። የሚሠራው ብቻውን እንደሆነም ጠየቁ። ብቻውን ነው። ከእሱ በቀር ማንም እጁን እንዳያሳርፍባት አስጠነቀቁት።

ከዚያ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ወዳለው ትልቅ ማራገቢያ ዞረ።

«ይኼ ቢቆምስ?»

በዝግ ክፍል ውስጥ ጋዙ ወለሉ ላይ እንደሚተኛ፣ መኪና ሥር ያለ ሰው ሳይታወቀው ታፍኖ እዚያው እንደሚቀር ነገራቸው። ማብሪያው ውጭ ኮሪደሩ ላይ፣ ከቢሮው በር አጠገብ ነው። ሴትየዋ ሄደው በደንብ አዩት። ተመልሰውም የሥራ ክፍሉ መስታወት ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ማብሪያውን ለምን እንዳዩት አጣቢው አልገባውም።

የእጥበት ቤቱ የታላቅ ወንድሙ ነው። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ የዳረው እሱ ነው። ድሮ አለ የተባለ መካኒክ ነበር፤ ወገቤን አመመኝ ብሎ መፍቻውን ከጣለ ግን ዓመታት አልፈዋል። ደንበኛ በመጣ ቁጥር እስከ በር ወጥቶ የሚያስቅ ሰው፣ ያን ቀን ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ከቢሮው ንቅንቅ አላለም።

ሥራው እስከ ረፋድ ድረስ ሰላም ነበር። ካትራሙ እየተሰነጠቀ ወደቀ፣ የፋብሪካው ቀለም ብቅ አለ። ከግራው የኋላ ጎማ አጠገብ ግን ቅባት በወፍራሙ ተለድፎ አገኘ። ረጨው። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ ወጣ። ቱቦው እስከ ግማሹ በብረት መጋዝ ተቆርጧል፤ የመጋዙ ጥርስ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቅባቱ የተለደፈበት እንዲሸፍነው ነው።

ቀና ሲል ሴትየዋ በመስታወቱ አፍጥጠውበታል።

በስልኩ ፎቶ አነሳና ውኃ የሚጠጣ መስሎ ወደ ቢሮው ገባ።

«ጋሼ፣ ሰውዬው ተገድሏል» አለ በሹክሹክታ። «የፍሬኑን ቱቦ ሰው ቆርጦታል።»

ወንድሙ የቢሮውን በር ገርበብ አደረገው። ከዚያ በእነዚህ መኪኖች የግራው የኋላ ቱቦ በራሱ ጊዜ እንደሚበላ አስረዳው። አጣቢው ፎቶውን ሲያሳየው ግን ክርክሩን ተወው።

«ሌላ ማን አይቷል?»

«ማንም።»

ወንድሙ በበሩ ክፍተት ወደ ሴትየዋ ተመለከተ። ባል ሲሞት ቤት ንብረቱ ለማን እንደሚቀር ጠየቀው፤ መልሱን ግን አልጠበቀም። ሴትየዋ መኪናዋን ሊሸጧት ይሆናል፣ ገዢ ሳያይ ምልክቱ እንዲጠፋላቸው ነው አለ። አሁን ምንም እንዳላየ ሆኖ፣ በሩን ዘግቶ እንዲጨርስ መከረው። እሳቸውን እሱ እንደሚጠብቅ ነግሮት ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

አጣቢው ተመልሶ መኪናዋ ሥር ገባ። የጆሮ መድፈኛ ስላጠለቀ ከሚረጨው በረዶ ፉጨት በቀር የሚሰማው የለም። መጀመሪያ ራሱን ከበደው። ከዚያ ትንፋሹ አጠረ፣ እጁ ዛለ፣ የበረዶ መርጫው ከእጁ ወደቀ። መድፈኛውን አወለቀ።

ማራገቢያው ቆሟል።

በደረቱ እየተሳበ ወደ በሩ አመራ። እጀታው ሩቅ ሆነበት። ሚስቱ ታየችው፤ ጠዋት ሳይሰናበታት መውጣቱ ትዝ አለው። ጉልበቱ ሲከዳው በሩ ከውጭ ተበረገደ። ከበስተኋላው የማራገቢያው ክንፍ ማጉረምረም ጀመረ። ሴትየዋ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። አንድ እጃቸው በሩን ይዟል፣ ሌላው ማብሪያው ላይ ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አየኸው?» አሉት።

«ምንም አላየሁም፣ እትዬ።»

«ልጄ፣ አትዋሸኝ።»

ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ አለፋቸው። የቢሮው በር ዝግ ነው። ወንድሙን ምን አድርገውት ይሆን ብሎ ሰጋ፤ ለማንኳኳት ግን አልደፈረም። ወደ ዋናው በር ወጥቶ ፖሊስ ጋ ደወለ። አንዲት ሴት ባሏን እንደገደለች፣ አሁን ደግሞ እሱን በጋዝ አፍና ልትገድለው እንደነበር ተናገረ። ጣቢያው ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ወዲያው እንመጣለን አሉት። ሴትየዋ እንዳያመልጡ በሩን በትከሻው ደግፎ ቆመ።

ፖሊሶቹ ሲገቡ ሴትየዋ ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ የጓሮውን አጥር ሊዘል ሲንጠላጠል የያዙት ታላቅ ወንድሙን ነው።