እንዳለ ይሁን

ፎቶ አንሺው ከሊል ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ፎቶ ከዓይን ሥር ያለውን ጥቁረት ሊያጠፋ ሲል፣ ማውዙን የያዘ እጁን ባለፎቶው ሱዳናዊ ሐኪም ያዘው።

«ተው ወንድሜ፣ እንዳለ ይሁን።»

«ዋላሂ ዶክተር፣ እንዲያምርብዎት ብዬ እኮ ነው።»

ያለፈውንም ፎቶ እንዲያምርበት ብሎ ሽበቱን አጥቁሮ፣ ግንባሩን አለስልሶ፣ ያልለበሰውን ሱፍ ከነከረባቱ አልብሶት ነበር። ሮቤ ውስጥ ፎቶ የሚነሳ ሁሉ እንደዚያ ሆኖ ነው የሚወጣው። አዲስ አበባ የቪዛ ማመልከቻ የሚቀበለችው ልጅ ግን ፎቶውንና ፊቱን አስተያይታ፣ «ሌላ ይዘው ይምጡ» ብላ መለሰችው። ያን ሁሉ መንገድ በባዶ ተመለሰ። የአገሩ ጦርነት ከለያቸው ወዲህ ያላያትን ልጁን ጀርመን ሄዶ ለጥቂት ቀን ሊያይ ነበር ድካሙ ሁሉ።

ከሊል እያዘነ አተመለት። ሐኪሙ ፎቶው ላይ ያለውን ሽማግሌ ትንሽ አየውና ኪሱ ከተተው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ያ የድሮው አለ?»

«አለ። ምን ያደርግልዎታል?»

«እሱንም አትምልኝ። ቪዛውን ከከለከሉኝ ለልጄ እልክላታለሁ። ደህና ነው ትበል።»