አሥረኛው ካርድ

እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 2006፣ በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ ፒዮ ማንሶክ በመንደሩ አዳራሽ ወለል ላይ ተቀምጠው፣ እንዲፈርሙበት የቀረበላቸውን ወረቀት ለሁለተኛ ጊዜ ያነቡ ነበር። ንባባቸው ዝግ ያለ ነው። ጃፓን ኮሪያን ትገዛ በነበረበት በልጅነታቸው ዘመን ትምህርት ቤት ያስተማራቸው የጃፓኖቹን ፊደል ብቻ ነበርና፣ የራሳቸውን የኮሪያን ፊደል የቆጠሩት ስልሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው።

«አባባ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? አገር የሚያውቀውን ነው የጻፍኩት» አለ ኦክ ጆንግሁን። ኦክ ለወረዳው ምክር ቤት ከሚወዳደሩት ለአንዱ ቅስቀሳ የሚሠራ ጎልማሳ ነው።

ወረቀቱ ስለ ሟቹ ኩክ ሰንዶ ነበር። እንደ ወረቀቱ ቃል፣ በ1942 የክፍል አለቃ ሳለ ቦንግሳም የተባለውን ተማሪ ለጃፓናዊው መምህር አሳልፎ ሰጠ፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ተባረረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ጃፓን ለድንጋይ ከሰል ቁፋሮ ተወሰደ፤ አልተመለሰም። አብረዋቸው የተማሩት ማንሶክ ከፈረሙ፣ ለዚያው ምክር ቤት የምትወዳደረው የሰንዶ ልጅ ሄሱክ አበቃላት። አባቷ ባሠራው ድልድይ አጠገብ የቆመው መታሰቢያ ድንጋዩም ይነቀላል።

ሄሱክ በሩ አጠገብ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

«የባንዳ ልጅ ልንመርጥ ነው እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አንተስ ማታ ማታ ሰክረህ የምትሻገረው የባንዳውን ድልድይ አይደል?» አለችው ሚስቱ።

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ግን ፊት ለፊት የተቀመጡትን ጆምኔን ሲያይ ቀዘቀዘ። ጆምኔ የቦንግሳም ታናሽ እህት ናቸው።

«ፈርም እንጂ፣ ማንሶክ» አሉ። «ያንን ቤት ስረግም ስልሳ አራት ዓመቴ። ድንጋዩ ሲነቀል ልይና ልሙት።»

ማንሶክ ወረቀቱን አጥፈው ለኦክ መለሱለትና ተነሡ።

«ሰኞ ሰኞ ለእያንዳንዳችን አሥር ካርድ ይታደለን ነበር። ጓደኛህን ኮሪያኛ ሲናገር ከያዝከው አንድ ካርድ ትቀማዋለህ። ቅዳሜ ባዶ እጁን የቀረ ይገረፋል፤ ሦስተኛ ጊዜ ከሆነ ይባረራል። ብዙ የሰበሰበ የጎማ ጫማ ይሸለማል። ሰንዶ ካርዱን ቆጥሮ ለመምህሩ ያስረክብ ነበር። የሠራው ይህንኑ ነው።»

«አባባ፣ ደክሞዎታል፤ ይቀመጡ» አለ ኦክ።

«አንተ ልጅ፣ ዝም በል!»

ወደ ጆምኔ ዞሩ።

«ቦንግሳም ሁለቴ ተገርፎ ስለ ነበር፣ በሦስተኛው ሳምንት አፉን ዘግቶ ይውል ጀመር። እንዲያም ሆኖ ዘጠኙን ተቀምቶ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ካርድ ቀርቶታል። እኔ ደግሞ ጫማ አልነበረኝም። ሰው በድንገት ሲያመው በተማረው ቋንቋ አይጮህም፤ ይህን አውቅ ነበር። ከኋላው መጥቼ ውርጭ ያቆሰለውን እግሩን በተረከዜ ረገጥኩት። ‹እማዬ!› አለ። እጄን ዘረጋሁ። ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። የቀማሁት እኔ ነኝ፣ ጆምኔ። ጫማውንም አገኘሁ። ሰንዶ ሲሰደብ በሰማሁ ቁጥር ዝም አልኩ፤ ቀብሩ ላይም ዝም አልኩ።»

ኦክ የብዕሩን ክዳን ገጠመ። ሄሱክ ቀና ብላ ሽማግሌውን ታያለች፤ ፊቷ ላይ ደስታ የለም።

«የረገጥኩት ቀኝ እግሩን ነው» አሉ ማንሶክ። «ዘመኑ ርቋል። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ።»

ጆምኔ ሁለት መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳኖሩ ወለሉን ብዙ ጊዜ አዩት።

«ግራውን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ቁስሉን አጥብለት የነበርኩት እኔ ነኝ።»