የስፓጌቲው ማማ

ማማው ወደቀ፤ አክሊሉ ከቡድኑ ተባረረ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2006፣ በረዶው ቀልጦ ሲያበቃ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሴዳር ሪቨርሳይድ ከተባለው ሰፈር አቅራቢያ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ሚስ ሆልም የተባለችው መምህርት ለየቡድኑ ደረቅ ስፓጌቲ፣ ፕላስተርና ክር አደለች። ከሁሉ የሚረዝም ማማ ሠርቶ እስኪለካ ድረስ ያቆመ ቡድን ሰመሩን፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይማራል።

«ትምህርቱ አብሮ መሥራት ነው» አለች። «ማማው ሰበብ ነው።»

ለመርጋ ሰበብ አልነበረም። ከኬንያ የስደተኞች ጣቢያ ዘግይቶ የመጣ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላው ስለሆነ ከሰኔ በኋላ ትምህርት ቤቱ አያስቀምጠውም። ይህ ዕድል ካመለጠው የሚጠብቀው አጎቱ የሚሠራበት የዶሮ ፋብሪካ ነው።

ከሱ ጋር የተመደቡት ሁለት ናቸው። ፋዮ እዚሁ ሚኒሶታ የተወለደች ናት። አክሊሉ በሁለት ዓመቱ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀልደኛ ነው። ሦስቱ ለትንንሽ ልጆች በተሠራች ቀላል ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። መርጋ እግሩን ማስገቢያ አጥቶ ሲቸገር አክሊሉ ሳቀበት።

«ጋሽ መርጋ፣ ቀስ! ስፓጌቲ እንጂ የቤት ማገር አይደለም።»

«ዝም ብለህ ያዝ።»

«እኔ እኮ ከነጆሽ ጋር ነበር መሆን የፈለግሁት። ሽማግሌ አሸከሙኝ!»

«ጋይስ፣ ስቶፕ!» አለች ፋዮ። «ሊወድቅ ነው!»

አልወደቀም። ከምሳ በፊት ከክፍሉ ማማዎች ሁሉ የነሱ በለጠ። አክሊሉ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ወደ ጆሽ ይጠቅሳል።

«ክርንህን አንሳ» አለው መርጋ።

አክሊሉ ሳቀ እንጂ አላነሳም።

በሩ ተከፈተ። ማማዎቹን እንዲለኩ የተጋበዙት ኦቦ ጎንፋ ገቡ። የሰፈሩ ኦሮሞዎች የሚሰሟቸው ሽማግሌ ናቸው። ሁሉም ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ወዲያው የሚሰባበር ነገር ድምፅ ተሰማ። ክፍሉ በሙሉ ደንግጦ ተነሳ። ማማው መሬት ላይ ነበር።

«አንተ ነህ!» አለ መርጋ።

«እመቤቴን፣ አልነካሁትም!»

«ጠረጴዛው ጉልበቴን ሲመታኝ ተሰምቶኛል። ገፍተኸዋል።»

«ፋዮ፣ ንገሪው እንጂ!»

ፋዮም ወደ በሩ ነበር የምታየው። የምታስታውሰው የተደገፈውን ክርን ብቻ ነው።

«አክሊ፣ ዋይ?» አለችው።

ሚስ ሆልም አክሊሉን ከቡድኑ አስወጣች፤ ለቀሩት ለሁለቱ እስከ ማታ ጊዜ ጨመረችላቸው። እንደገና ሠሩ፤ አሸነፉ።

ቅዳሜ የአክሊሉ አባት ልጁን በክንዱ ይዞ ኦቦ ጎንፋ ቤት አመጣው። መርጋ ተጠርቶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

«ይቅርታ በል።»

«አላደረግሁማ፣ ዳዲ።»

«የስደተኛ ልጅ ዕድል ልታበላሽ ሞክረህ ደግሞ ትዋሻለህ? ጉልበቱን ሳም ብያለሁ!»

አክሊሉ አጎንብሶ ሳመ።

«ይቅር ብያለሁ» አለ መርጋ።

አክሊሉ ከዚያ በኋላ ከአበሻ ልጅ ጋር ታይቶ አያውቅም። አባቱ ወደ ሮቢንስዴል ትምህርት ቤት አዛወረው።

በሰኔ መርጋ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሲል ለምርቃት ኦቦ ጎንፋ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ብዙ መረቁት።

«ማን እንደሆንክ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው» አሉት። «ገና በሩን ስከፍት፣ ያ ነገር ከመሰባበሩ በፊት፣ ከዚያ ሁሉ ልጅ መሐል ብድግ ያልክልኝ አንተ ብቻ ነህ። ሌሎቹ ሁሉ እንደተቀመጡ ቀሩ።»