ግማሽ ነጥብ

ስልኩ ስልክ ጠጋኙ እጅ ላይ እንዳለ አሁንም ድርግም አለ። ለጥቂት ጊዜ ጠቁሮ ቆየና፣ ምንም እንዳላጠፋ ልጅ፣ አርማውን እያበራ እንደገና ተነሳ። ከጠዋት ጀምሮ ይህ አምስተኛው ነው።

“አየኸው? ዓይኑን ሲያፈጥብኝ አየኸው?” አለች እትዬ ከባንኮኒው ማዶ። የጠጋኙ ታላቅ እህት ናት፤ አዋላጅ። ነጭ ጋውኗን አጥፋ ክንዷ ላይ አንጠልጥላለች። “ትናንት አንዷ ምጥ ይዟት ስትደውል፣ ሄሎ ከማለቴ ጭጭ። ልጅቷ ታክሲ ውስጥ ወለደች! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ ስልክንም ጨምረው ነው ለካ።”

“አፕዴቱ ነው፣ እትዬ” አለ ቀጮ፣ ከጠጋኙ ጎን እንደተቀመጠ ቀና ሳይል። “ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አፕዴቱ ነው። ከተማው ሁሉ እያለቀሰ ነው።”

“ያንተ ስልክ የኔው መንታ አይደል? አንተስ ለምን አታለቅስም?”

“እኔማ ክሳቴን አይቶ አዘነልኝ።”

ሳቀች። ጠጋኙም ሳቀ። ቀጮን ማን ይቆጣዋል? አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ አንድ አጉሊ መነጽር ተጋርተዋል። እትዬ ምሳ ዕቃውን በሁለት ማንኪያ መላክ ከጀመረች ስንት ጊዜዋ። ሁለቱን ስልኮችም የገዛው ጠጋኙ ነው። ያገለገሉ ናቸው፣ ግን ቁርጥ አንድ ዓይነት። አንዱን ለእህቱ ሰጠ፣ አንዱን ለቀጮ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። ጠጋኙ ጉንፋን ጥሎት ሁለት ቀን ቤቱ ሲውል፣ እትዬ “አፕዴት አድርጊ እያለ ይነዘንዘኛል” ብላ ስልኳን ለቀጮ ትታ ሄደች። ከሰዓት ተመልሳ ወሰደችው። ከዚያች ቀን ወዲህ ስልኩ ጤና የለውም።

ጠጋኙ ያልሞከረው የለም። የተጫኑት አፖች በማይሠሩበት በሴፍ ሞድ አስነሳው፤ ጠፋ። የተጫነበትን አፕ ሁሉ አንድ በአንድ አራገፈ፤ አሁንም ጠፋ። በመጨረሻ ከትናንት ወዲያ ቀጮ “ውስጡን ሙልጭ አድርገህ አጥፋውና እንደ አዲስ ይጀምር፤ ሌላ መድኃኒት የለውም” አለው። ስልኩ ውስጥ እትዬ ያዋለደቻቸው ሕፃናት ፎቶ ነበር፤ ገና ዓይናቸውን ያልገለጡ፣ ፊታቸው የተጨማደደ፣ ሁለት መቶ ምናምን። ሌላ ቦታ አላስቀመጠቻቸውም። እሷ ስልኩን ትንሽ እያገላበጠች ቆየችና “አንተ ካልክ እንግዲህ” አለችው። እሱ ያለው ቀጮ ያለውን ነበር። ፎቶዎቹም ሄዱ።

“እስቲ ልክፈተው” አለ አሁን።

ቀጮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። “ምን ልታገኝ? ባትሪውን ባለፈው ወር በራስህ እጅ በአዲስ ቀይረሃል። ሶፍትዌር በመፍቻ አይፈታም፣ ወንድሜ።”

“ይውጣልኝ ብዬ ነው።”

ሙጫው እንዲለቅ የስልኩን ጀርባ አሞቀና በቀጭኗ ማላቀቂያ ዙሪያውን ፈለቀቀው። ክዳኑ ተነሳ።

ጠጋኙ ባትሪ በቀየረ ቁጥር አንድ ልማድ አለው። ከእትዬ የወሰደውን ቀይ የጥፍር ቀለም በክብሪት እንጨት ነክሮ፣ ባትሪውና የስልኩ አካል በሚገጥሙበት መስመር ላይ አንዲት ነጥብ ያኖራል። ግማሿ ባትሪው ላይ፣ ግማሿ አካሉ ላይ ታርፋለች። ሌላ ሰው ባትሪውን ቢለውጠው ያውቃል። ለምን እንደሚያደርገው ግን ለቀጮ ነግሮት አያውቅም፤ ቀጮን መጠርጠር አስቦት ስለማያውቅ። ቀጮም ጌጥ እየመሰለው “ስልክ ልትድር ነው እንዴ?” እያለ ይስቅበታል።

አካሉ ላይ ግማሿ ነጥብ አለች። ባትሪው ላይ ምንም የለም። ጠርዙ የተፈተገ፣ ሆዱ የተነፋ አሮጌ ባትሪ ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ጉልበት የሚከዳው።

ጠጋኙ ዓይኑን አነሳ። ግድግዳው ምስማር ላይ የቀጮ ቻርጀር ተንጠልጥሏል። የቀጮ ስልክ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይሞት ስለነበር ከዚያ ገመድ ተለይቶ አያውቅም፤ እትዬ “እትብቱ ያልተቆረጠለት” ትለው ነበር። ገመዱ ከተሰቀለ ግን ሰንብቷል። አቧራ ለብሷል።

“ቀጮ፣ ስልክህን አምጣ።”

“ለምን?”

“አምጣ።”

የቀጮ እጅ የሸሚዙ ኪስ ላይ ሄዶ ቀረ። “ለጊዜው ብዬ እኮ ነው” አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። “አዲስ ዕቃ ሲገባ ልመልሰው… ያን ያህል ያስቸግራታል ብዬ…”

“አጥፋው ስትለኝስ? ፎቶዎቹን?”

ቀጮ ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው።

ጠጋኙ ከፈተው። ባትሪውን አነሳ፤ ጠርዙ ላይ ግማሽ ቀይ ነጥብ አለች። የእህቱ ስልክ ውስጥ አስገባው። ግማሽና ግማሹ ገጠሙ፤ ነጥቧ ሞላች።

ስልኩ በራ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ በራ። እትዬ ተቀበለችው። ጣቷ በልማድ ፎቶዎቹ ወደነበሩበት ሄደ፤ ባዶው ነጭ ገጽ ፊቷ ላይ አበራ። ማንንም አላየችም።

ቀጮ ተነሳ። የራሱ ስልክ ሆዱ ባዶ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። እሱ ግን ቻርጀሩን ከምስማሩ አወረደና፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው እንደቆመ፣ የገመዱን አቧራ በአውራ ጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጠርግ ጀመር።