ፓምፑ እስኪመጣ

ጠጋኙ ወልደሰንበት ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውሃ የሚያስወጣውን ፓምፕ ፈትቶ ለትርፌ አሳያት፤ ሽቦው ጠቁሯል። «እህቴ፣ ይሄ ተቃጥሏል። ሶዶ ውስጥ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አሥራ አምስት ቀን ይፈጃል።»

«አሥራ አምስት ቀን? እናቴ እኮ በቀን ሦስቴ አንሶላ ታረጥባለች!» እጆቿን ዘረጋችለት፤ ጣቶቿ በበረኪና ተልጠዋል። «በእነዚህ ነው የማጥበው?»

ወልደሰንበት ሁለት እርምጃ ወደሚርቀው አልጋ ገልመጥ አለ። «ቀስ ብለሽ አውሪ፤ ይሰማሉ።»

«አማርኛ አትችልም።»

እሱ መፍቻዎቹን ሰብስቦ ሲወጣ፣ ትርፌ ክኒኑንና ውሃውን ይዛ ወደ እናቷ ሄደች። በወላይትኛ «ጠጪ» አለቻት።

እናቷ ክኒኑን በደረቁ ዋጠች። ብርጭቆውን በመዳፏ ገፋ አደረገችው።

«ማሽኑ እስኪሠራ ውሃ ይቅርብኝ» አለች፣ በአማርኛ።