የምድጃው ሽታ

የጋዝ ምድጃ ጠጋኙ ዱዌን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ዘሎ ሳሎን ገባና የጋዙን ቁልፍ ዘጋ። ከዚያ መስኮቶቹን አንድ በአንድ በረጋገዳቸው። በካናዳዋ ዮርክተን ሰው ቤት በጫማ መግባት ነውር ነው፤ ያውም ከነጭቃው፣ ያውም የእማማ ኦሪስያ ምንጣፍ ላይ። አሮጊቷ ግን ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገብቷቸው መንገድ ለቀቁለት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚሸተው?» አለ፣ ሳሎኑን የሚያሞቀውን ምድጃ የፊት መስታወት እየፈታ።

«ኧረ ምንም አይሸትም። እኔ የጠራሁህ እሳቱ ስለደከመብኝ ነው።»

ልጃቸው ዳርሊን ከሬጃይና ከተማ ስትደርስ መኪናዋን ያቆመችው ከዱዌን እኩል ነበር፤ በሩን የከፈተችለትም እሷ ናት። «እማዬ፣ እኔን እኮ ገና ደጁ ላይ ሸተተኝ» አለች።

ከዚህ በላይ አልተከራከረችም። አተኩራ አየቻቸውና የጓሮውን በር ልትከፍት ወደ ኩሽና ሄደች። ያችን አስተያየት እማማ ኦሪስያ ያውቋታል፤ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ በመጣች ቁጥር ይዛት ትመጣለች። ባለፈው ወር ደግሞ በስልክ የአረጋውያን መኖሪያ ነገር አንስታባቸው ነበር። ለማየት ያህል ብቻ ነው ብላቸዋለች። ጎረቤታቸው ስቴፋኒያም የሄዱት ለማየት ያህል ብቻ ነበር፤ ቤታቸው በወሩ ተሸጠ።

እውነቱን ለመናገር እማማ ኦሪስያ ምንም አይሸታቸውም። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ በበረዶው ወራት ክፉ ጉንፋን ይዟቸው፣ ሲለቃቸው ሽታን ሁሉ ይዞባቸው ሄደ። ሽንኩርቱም ሳሙናውም አንድ ሆነባቸው። ይመለሳል ብለው ቢጠብቁ አልተመለሰም፤ ለማንም ሳይናገሩ ቀሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሳቸው ግን የፈሩት መድኃኒቱን ነበር።

ዱዌን በጋዝ መለኪያው ቤቱን ዞሮ አየሩ መጥራቱን ካረጋገጠ በኋላ ተንበረከከ። ቁልፉን ለአፍታ መልሶ ከፍቶ የቧንቧው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና አረፋ ቀባ፤ አረፋው በአንድ በኩል ተነፍቶ ተነፍቶ ፈነዳ። የሚያፈሰው እዚያ ነበር። ጋዙን ዘግቶ መጋጠሚያውን ፈታና በአዲስ ማሸጊያ መልሶ አጠበቀው። ቀጥሎ እንጨት መስለው የተሠሩትን የሸክላ ግንዶች አንስቶ ማቃጠያው ውስጥ ቀጭን ብሩሽ ሰደደ፤ ብሩሹ የሸረሪት ድር ጠቅልሎ ወጣ። እሳቱን ያደከመው ይኸው ነው አለ፤ ሸረሪቶች የጋዝ ሽታ ስለሚወዱ ተከትለው ገብተው እዚያው ያደራሉ።

«ሸረሪቷ እንኳ ሸቷት ነው የመጣችው» ብሎ ሳቀ። እማማ ኦሪስያም አብረው ለመሳቅ ሞከሩ።

ፊታቸውን ሲያይ ሳቁን ዋጥ አደረገ። ከቦርሳው ትንሽ ካርድ አወጣ። የጋዙ መሥሪያ ቤት ለደንበኞቹ የሚልከው ነው፤ በጥፍር ሲፋቅ የጋዝ ሽታ ይወጣዋል፣ ሰው ሽታውን ለይቶ እንዲያውቅ። እስቲ ይሄን ያሽትቱልኝ አላቸው። እማማ ኦሪስያ ካርዱን ያውቁታል፤ ሽታው ምን እንደሚመስል የሚገልጸውን ጽሑፉንም አንብበውታል። አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው በረጅሙ ሳቡና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ኡፍ፣ የበሰበሰ እንቁላል።»

ዱዌን ወደ ኩሽናው አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ ገና እኮ አልፋቅሁትም።»

ክው አሉ። ለልጄ እንዳትነግራት ብለው በሹክሹክታ ለመኑት። አንጀቱን በሉት። እሱ የሚሞላው ቅጽ ስለ ምድጃ እንጂ ስለ ሰው አፍንጫ የሚጠይቅ መስመር እንደሌለው ነገራቸው። ጋዝ ሲያፈስ የሚጮህ ማስጠንቀቂያም ግድግዳው ላይ ሊገጥምላቸው ይችላል።

«እኔ አልናገርም» አለ። «ግን የጠሩኝ ለእሳቱ ነው። እሳቱ ባይደክም ኖሮስ?»

አርባ ስድስት ዓመት የኖሩበትን ሳሎን ዞር ብለው አዩ። ከእጃቸው ሲወጣ ታያቸው፤ ቢሆንም ልጃቸውን ጠሯት።

«ዳርሊን፣ ነይ እስቲ። አፍንጫዬ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እንዳትወስጂኝ ብዬ ነው የደበቅሁሽ።»

ዳርሊን በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። «በፋሲካ ያበላሽን በጎመን የተጠቀለለው ሩዝ?»

«መበላሸቱ አልሸተተኝም።»

«ያረረው ድስት?»

«ጓሮ ነበርኩ። ጭሱን ሳይ ነው የሮጥኩት።»

ዳርሊን ባለችበት ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። አባቷ መጨረሻቸው ላይ ልጃቸውን ማን ልበልሽ እስከማለት ደርሰው ነው የሞቱት፤ ያንን እናትም ልጅም በአንድ አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው አይተዋል።

«እኔ እኮ እንደ አባዬ ጀመረሽ ብዬ ነው» አለች። «በደወልኩ ቁጥር፣ ዛሬ ስሜን ትረሳዋለች እያልኩ። አፍንጫ ብቻ ነው?»

«አፍንጫ ብቻ ነው፣ ልጄ።»

ዳርሊን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። ዱዌን ሌላ ሥራ ቢያጣ ጫማውን አወለቀና በካልሲው እየሄደ ምድጃውን አቀጣጠለ። እሳቱ ከፍ ብሎ ተንበለበለ።

ጥቂት ቆይቶ ዳርሊን ኩሽና ገብታ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ሳህኑን ሁሉ እያወጣች ታሸት ጀመር።

«ይሄ ይጣል» አለች። «ይሄኛውስ መቼ ነው የተሠራው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ምን አገባሽ ብለው ይቆጡ ነበር።

«ማክሰኞ» አሉ እማማ ኦሪስያ ከወንበራቸው ላይ። «ከሰዓት በኋላ። አንቺ ከመደወልሽ በፊት።»